የሥራ ፈጣሪ ባሕርይ ተሸምድዶ አይገኝም

ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ነገ ሐኪም ይሁን የታሪክ መምህር፣ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባለውን የጋራ ትምህርት ሳይወስድ አያልፍም። ትምህርቱ የገባው በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመቱ ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ ነው፤ መግባቱም ተገቢ ነበር። ችግሩ ተማሪው ይዞት የሚወጣው ነገር ነው። ለፈተና አጥብቆ የሚያጠናው የስኬታማ ሥራ ፈጣሪዎችን ባሕርያት ዝርዝር ነው፦ ጽናት፣ በራስ መተማመን፣ ቀድሞ መነሣሣት፣ የተመዘነ አደጋ መድፈር፣ ግብ ማስቀመጥ፣ ቃልን መጠበቅ። ዘርዝር ይባላል፤ ይዘረዝራል፤ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ የምከራከረው ይህ አካሄድ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል ብዬ ነው። በአንድ በኩል ባሕርያቱ የሚገኙበትን መንገድ፣ ማለትም ሥራውን ራሱን፣ ከክፍል ያስወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ያልተሳካለት ሰው ያልተሳካለት ጠባይ ጎድሎት ነው የሚል ፍርድ በወጣቱ ልብ ውስጥ ያኖራል። ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከፋል።

ዝርዝሩ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም፤ ከባድ ጥናት አለበት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት በአባላቱ ለስኬት የመጓጓት መጠን ይወሰናል ብለው ተከራከሩ። ከዚያም በ1960ዎቹ በደቡብ ሕንድ ካኪናዳ በምትባል ከተማ ነጋዴዎችን አሠልጥነው፣ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ንግዳቸውን ለማስፋት ሲንቀሳቀሱ አዩ። የእሳቸውን ፈለግ የተከተለው ምርምር ነው በኋላ አሥሩን የሥራ ፈጣሪ ብቃቶች ያስገኘው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ኤምፕሬቴክ በሚለው ሥልጠናው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በብዙ አገሮች አዳረሳቸው፤ እኛም ዘንድ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም በኩል ገቡ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ኤምፕሬቴክ ስድስት ቀን ሙሉ ሠልጣኙን ሲያስነግድ፣ ሲያወዳድርና ቃል ሲያስገባ የሚውል ሥልጠና መሆኑ ነው። እዚያ ባሕርይ ማለት ሰው ሲሠራ የሚታይ ድርጊት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ሞጁል ሲዛወር ድርጊቱ ቀረና የስም ዝርዝሩ ብቻ ተረፈ።

ዝርዝሩን ይዘን እስቲ ወደ እንጦጦ እንውጣ። ከኮተቤና ከመሪ በላይ ከሚነሣው የየካ ጋራ እስከ እንጦጦ ራስ የተዘረጋው ባሕር ዛፍ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተተከለ ጀምሮ የከተማዋን ማገዶ ሲሸፍን ኖሯል። ማገዶውን ለገበያ ያወረዱት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። እንጨት ለቃሚዋ ሳይነጋ ትወጣለች፤ ጭራሮውንና ቅጠሉን ለቅማ በገመድ ትጠፍራለች፤ ስፋቱ ከቁመቷ የሚበልጠውን ሸክም አዝላ፣ ወገቧን አጉብጣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በሽሮ ሜዳ በኩል ትወርዳለች። ሸክሙ በአማካይ ከ30 ኪሎ እንደሚበልጥ ጥናቶች መዝግበዋል። አሁን ባሕርያቱን አንድ በአንድ እንይ። ጽናት የእሷን ያህል ያለው ማን ነው? አደጋ መድፈርም ቢሆን በጭፍን አይደለም፤ የደን ጥበቃው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ቁልቁለት እንደማይገኝ መዝና ነው የምትወጣው። መረጃ ትፈልጋለች፤ ለበዓል ዋዜማ ቅጠል በየትኛው ሰፈር እንደሚወደድ፣ የትኛዋ ጠላ ጠማቂ በየትኛው ቀን ማገዶ እንደምታልቅባት ታውቃለች። ቃሏንም ትጠብቃለች፤ ለእንጀራ ጋጋሪዋ አደርሳለሁ ያለችውን ሸክም ታደርሳለች፣ ካላደረሰች ደንበኛዋን ታጣለችና። በፈተና ወረቀት ላይ ብትመዘን ከአሥሩ ብዙዎቹን ታገኛለች። ኑሮዋ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው።

ታዲያ ምን ጎደላት? አንድ ቀን ሥራ አቁማ ሌላ ገበያ የምታጠናበት ስንቅ የላትም፤ ያን ቀን ካልወረደች ልጆቿ አይበሉም። ሸክሙን ከጀርባዋ የሚያወርድላት አህያ መግዣ የላትም። የምትለቅመው ከተከለከለ ደን ስለሆነ፣ በአንድ ጠዋት ገመዷም ጭራሮዋም ሊወሰዱባት ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተስፋፋ ቁጥር ደግሞ ገበያዋ በእጇ ላይ እየቀለጠ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የገቡ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች አሉ። እነዚህ ሴቶች ከሸክም ሲወጡ ጠባያቸው አልተቀየረም፤ የተጨመረላቸው ክር፣ መሸመኛ፣ ሙያና ጎብኚ የሚገባበት መሸጫ ቦታ ነው። ትጋቱና ጽናቱ በዚያኛውም ሥራ የነበሩ ናቸው።

በዚያው እንጦጦ ላይ ሌላም ማስረጃ አለ። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ አየር ሯጮች ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ይወጡታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ፣ በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ በሕንፃ፣ በሆቴልና በመኪና ንግድ ላይ አውሎ ብዙ ሰው የሚቀጥር ባለሀብት ሆኗል። የማነቃቂያ ንግግር አድራጊዎች የሚጠሩት ስም እሱ ነው፤ ዲሲፕሊን ነው ያደረሰው ይላሉ። ዲሲፕሊኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዲሲፕሊን ለዓመታት የሮጡና ለብሔራዊ ቡድን ሳይመረጡ የቀሩ ብዙ ወጣቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የእነሱን ጠዋት ማንም አልጻፈውም። ስኬታማዎችን ብቻ ሰብስበን ምን የጋራ ነገር አላችሁ ብለን ከጠየቅን፣ የምናገኘው መልስ የወደቁትም የሚጋሩትን ነገር ይሆናል። ንግድ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ የተዘጋ ሱቅ ባለቤት በመድረክ አይጋበዝምና።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ዊልያም ጋርትነር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ሥራ ፈጣሪ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሥራ ፈጣሪ ምን ያደርጋል የሚለው ነው ብለው ነበር። ሌሎች ደግሞ ባሕርይን ጨርሶ መጣል አይገባም ብለው ተከራክረዋል። ጀርመናውያኑ አንድሪያስ ራውክና ሚካኤል ፍሬዘ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ከሥራው ጋር ቀጥታ የሚያያዙ ባሕርያት ከንግድ ስኬት ጋር ያላቸው ዝምድና ወደ 0.25 ገደማ ሆኖ አገኙት። ይህ ቁጥር በተራ ቋንቋ ሲመነዘር፣ በአንዱና በሌላው ነጋዴ ውጤት መካከል ካለው ልዩነት ከመቶው ወደ ስድስት ያህሉ ከባሕርይ ጋር ይያያዛል ማለት ነው። ስድስት ከመቶ ትንሽ አይደለም፤ ለአንድ ሙሉ ኮርስ ምሰሶ መሆን ግን አይችልም። ዘጠና አራቱ የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ ተማሪው ክፍል ውስጥ ሊያነሣው ይገባል።

ባሕርይ ዋጋ ከሌለው ሥልጠናውን እንዝጋው የሚል ቢኖር፣ አልስማማም። የሚለወጥ ነገር እንዳለ ያሳየ ጥሩ ማስረጃ በዚሁ በአህጉራችን አለ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ሥልጠና ወሰደ፤ ሌላው ፍሬዘ ያዘጋጁትን፣ በራስ ተነሣሽነት ላይ ያተኮረውን ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት የወጣው ውጤት እንዳሳየው የተነሣሽነቱን ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው በ30 በመቶ አደገ፤ የተለመደውን የወሰዱት ግን የ11 በመቶ ብልጫ ቢያሳዩም፣ ያ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። ይህ ለዝርዝሩ ተከራካሪዎች ድል ይመስላል። ሠልጣኞቹ የሠሩትን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጽናት መልካም ነው የሚል ስብከት አልሰሙም። ጎረቤት ከሚሸጠው የተለየ ምን ልሽጥ ብለው እንዲፈልጉ፣ ችግር ከመምጣቱ በፊት እንዲዘጋጁለት፣ በራሳቸው ሱቅ ላይ እየሞከሩ እንዲመለሱ ነው የተደረጉት። ሥልጠናው ያነጣጠረው አንድ ተለይቶ የታወቀ ልማድ ላይ ነበር፤ ልማድም በመደጋገም ይያዛል።

የእኛን ከተማ የሚመለከተውም ይኸው ልማድ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከመሪ ፌርማታ እስከ አያት በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በኮንዶሚኒየሞቹም ምድር ላይ የተከፈቱትን ሱቆች ማየት ይበቃል። ሚኒ ማርኬት፣ ቡቲክ፣ ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጁስ ቤት፤ ከዚያ እንደገና ሚኒ ማርኬት፣ ቡቲክ፣ ፀጉር ቤት። አንዱ ጁስ ቤት ሲደራ ብዙም ሳይቆይ ጎኑ ሌላ ይከፈታል፤ ሁለቱም በዚያው ዋጋ ያንኑ አቮካዶና ማንጎ ይጨምቃሉ፤ ኪራዩ ሲጨምር ከሁለቱ አንዱ ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ድፍረት አላነሳቸውም፤ ያጠራቀሙትን ሁሉ ያፈሰሱ ናቸው። ያልለመዱት ከመክፈታቸው በፊት የሰፈሩን ሰው ምን ፈልጋችሁ አጣችሁ ብሎ መጠየቅን ነው። ይህ ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው፤ የሚማሩት ግን እየጠየቁ ነው።

የቤተልሔም ጥላሁንን ታሪክም በዚህ ዓይን ማንበብ ይጠቅማል። ሶልሬብልስ የተባለው የጫማ ድርጅቷ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሲጀመር መነሻው ከቤተሰብ የተሰባሰበ ጥቂት ገንዘብ ነበር። መጽሔቶች ራዕይዋንና ድፍረቷን ያወድሳሉ፤ ይገባታልም። ለክፍል የሚጠቅመው ግን ሥራዋ ላይ የሚታየው ነገር ነው። ያደገችበት ሰፈር እጁ ላይ ሙያ ያለው፣ ፈትል የሚፈትል፣ የሚሸምን፣ ነገር ግን ሥራ ያጣ ሰው የበዛበት ነበር። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው የድሃ ጫማ ነው። ያንን ሶል፣ ያንን በእጅ የተፈተለ ጥጥና ያንን ሥራ ያጣ እጅ አገጣጥማ ውጭ አገር ላለ ገዢ አቀረበች። ከዚያ በፊት የሒሳብ አያያዝ ተምራ በሌሎች ድርጅቶች ተቀጥራ ሠርታለች። እንግዲህ ተማሪው ከእሷ የሚወስደው ጥያቄ፣ እኔ የምኖርበት ሰፈር ሰው እጁ ላይ ምን አለ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ ከግቢው ወጥቶ መልስ ይዞ መመለስ ይችላል። ድፍረቷን ግን ከወረቀት ላይ መቅዳት አይችልም።

ከሁሉ ተደጋግሞ የሚሰማው ተቃውሞ ነጋዴ ይወለዳል እንጂ አይማርም የሚለው ነው። የሚጠቀሰው ምሳሌም መርካቶ ነው፤ ንግድ በደማቸው ነው ይባላል። የመርካቶን ታሪክ ረጋ ብሎ ላየው ግን ምስክርነቱ ለተቃራኒው ወገን ነው። ከጉራጌ አገር የመጣ ልጅ ዘመድ ዘንድ ያርፋል፤ ሊስትሮ ሆኖ፣ ሎተሪ አዙሮ ወይም ሱቅ በደረቴ አንግቶ ይጀምራል፤ ከዚያ ሱቅ ጠባቂ ይሆናል፤ ዕቃ መለየትን፣ ዱቤ መስጠትና መከልከልን፣ ሰው ማመንና አለማመንን ከጌታው ያያል፤ እቁብ ይገባል። እቁቡ በየሳምንቱ ቃል ማክበርን ያስገድደዋል፤ ዕጣው ሲወጣለት ደግሞ በአንድ ጊዜ ጠርቀም ያለ መነሻ ገንዘብ በእጁ ይገባል። ይህ ሙሉ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህር አለው፣ ልምምድ አለው፣ ዋስ አለው፣ ገንዘብም አለው። ከትምህርት ቤት የሚለየው ማንም ሞጁል ስላልጻፈለት ብቻ ነው። ደም ነው ያልነው ነገር ብዙ ዓመት የፈጀ የሙያ ልምምድ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ውስጥ ጠባዩን ብቻ ነጥለን ለተማሪ ልናስተምር እንሞክራለን።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡን ስጡን፣ ትምህርቱ ይቅር የሚል። ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያ የተገኘ ያህል ግልጽ ማስረጃ ያለው አገር ጥቂት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ፣ በዕጣ ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራው ተሰጠው፤ ሌላው 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡንና ሥልጠናውን ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ ብልጫ አሳየ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈጣሪ እንሁን ብለው የመጡ አልነበሩም፤ ደመወዝ ፈልገው የተሰለፉ ናቸው። በባሕርይ ፈተና ቢጣሩ ኖሮ ብዙዎቹ ገና በበሩ ላይ ይመለሱ ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ልዩነቱ ጠፍቶ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበው አገኟቸው። የመጀመሪያው ውጤት ባሕርይ ቅድመ ሁኔታ ነው የሚለውን ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ ገንዘብ ሰጥቶ መሄድ ይበቃል የሚለውን። መነሻው ከተገኘ በኋላ ንግዱን የሚያቆየው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ አዲስ ነገር የመፈለግ ልማድና ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው ነገር ነው። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ነው የዝርዝሩ ትምህርት ልቤን የሚያሳዝነው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገ ወጣት፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ቤት ተከራይ የተባለ፣ የቤት ኪራዩን ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል የተባለ፣ መንገድ ዳር ሲዘረጋ ደንብ አስከባሪ ዕቃውን ያነሣበት ወጣት፣ በመጨረሻ በራስ መተማመን ስለጎደለኝ ነው ብሎ ራሱን እንዲወቅስ እናስተምረዋለን። ይህ ሐሰት ነው፤ ጨካኝም ነው። የሚያስከፍለውም ዋጋ አለ፤ ጥፋቱን በራሱ ጠባይ ላይ ያየ ሰው ስለ ኪራይ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መሸጫ ቦታ ጥያቄ አያነሣም፤ አስተዳደሩም አይጠየቅም።

በተግባር ይማሩ ሲባል ሁልጊዜ የሚነሣው የክፍሉ ብዛት ነው። ስድስትና ሰባት ደርዘን ተማሪ ያለበት ክፍል ምን ተግባር ይኖረዋል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ውድ አይደለም። አምስት አምስት ሆነው፣ በእቁብ መልክ ጥቂት መቶ ብር አዋጥተው፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አንድ ነገር ይሽጡ። ከመሸጣቸው በፊት ሃያ ሰው ጠይቀው ምን ጠፍቶባችሁ ተቸገራችሁ ይበሉ፤ የዕለት ገቢና ወጪ በደብተር ይያዙ፤ ከሰሩም ለምን እንደከሰሩ ይጻፉ። ነጥቡ በትርፍ መጠን መሆን የለበትም፤ አለዚያ አባቱ ሱቅ ያለው ተማሪ ይበልጣል። ነጥቡ በደብተሩ ታማኝነትና ነገሩ አልሄድ ሲል ምን ቀየሩ በሚለው ይሰጥ። በኔዘርላንድስ ተማሪዎችን ትንሽ ኩባንያ የሚያስመሠርት ፕሮግራም ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት ሥራ ፈጣሪ የመሆን ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ይህን አንስቶ ተግባርም ዋጋ የለውም የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ውጤቱን እንደ ጉዳት አላየውም። ንግድ ለእኔ አይሆንም ብሎ በ300 ብር ያወቀ ወጣት፣ በኋላ የቤተሰቡን ቤት አስይዞ ከሚያውቅ ይሻለዋል።

መጀመር ያለበት ደግሞ አስተማሪው ከሚወጣበት ቦታ ነው። መምህራንን ለትውልዶች ያፈራው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከመሪ ብዙም ሳይርቅ በየካ ይገኛል፤ ዙሪያውን በሱቅ፣ በጉልትና በጋራዥ የተከበበ ነው። ነገ በየክፍለ ሀገሩ ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ ዕጩ መምህራን፣ ራሳቸው አንድ ሴሚስተር ሸጠውና ከስረው ካላዩት ከዝርዝሩ ሌላ የሚሰጡት አይኖራቸውም። የክፍለ ከተማው አስተዳደር ለተማሪ ቡድኖች በፌርማታዎቹ አጠገብ በሳምንት አንድ ቀን የሚዘረጉበት፣ ደንብ አስከባሪ የማይነካው ቦታ ቢፈቅድላቸው ወጪ የለበትም። ከሴሚስተሩ ሰዓት ውስጥም ሁለትና ሦስቱ ለአካባቢው ነጋዴ ይሰጥ፤ ከባለ ትልቁ ሆቴል ይልቅ ጁስ ቤቱን የዘጋው ሰው ይጠራ፤ ኪራዩን፣ ዱቤውን፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ሒሳብ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ያስረዳቸው። ለዚያ ሰዓትም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር አበል ይከፈለው።